የቤተሰብ ኮምፒውተር ጌምም እንዲችል፦ ገንዘቡ የት ላይ ይዋል?

የቤት ኮምፒውተር ጌታው ብዙ ነው። አንዱ ሰነድ ይጽፍበታል፣ ሌላዋ በቪዲዮ ትምህርቷን ትከታተልበታለች፣ የቤተሰቡ ፎቶግራፍ ሁሉ ተጠራቅሞ የሚቀመጠው እዚያው ነው፣ ማታ ላይ ደግሞ ልጆች፣ አንዳንዴም ልጆቹ ከተኙ በኋላ ወላጆች፣ ጌም ሊጫወቱበት ይቀመጣሉ። ከእነዚህ ሥራዎች ሁሉ መሣሪያውን በእውነት የሚያስጨንቀው የመጨረሻው ብቻ ነው። ለጽሑፍ፣ ለድረ ገጽና ለፊልም ባለፉት ሰባትና ስምንት ዓመታት የተሠራ መካከለኛ ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ ዋና የስሌት ክፍል) ከበቂ በላይ ነው፤ ጌም ግን በእያንዳንዷ ሰከንድ ውስጥ በርካታ ምስሎችን እንደ አዲስ ሥሎ ማቅረብን ስለሚጠይቅ የተለየ ዓይነት ጉልበት ይፈልጋል። በመሆኑም ጌም የሚችል የቤተሰብ ኮምፒውተር በአብዛኛው ተራ፣ ነገር ግን በጥንቃቄ የተመረጠ ኮምፒውተር ሲሆን፣ ከተራው የሚለየው በአንድ ውድ ክፍል፣ ማለትም ምስሎቹን በሚሥለው በግራፊክስ ካርዱ ነው።

እኔ ለራሴም ሆነ ለወዳጆቼ ኮምፒውተር ስመርጥ በአንድ ጥያቄ እመራለሁ፤ ይህ ክፍል በኋላ ልቀይረው ብል ምን ያህል ያስቸግረኛል? ግራፊክስ ካርድ፣ ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻው) እና ዲስክ ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ተነቅለው ሊተኩ የሚችሉ ናቸው። ፓወር ሰፕላይ (ለክፍሎቹ ኤሌክትሪክ የሚያድለው)፣ ማዘርቦርድ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ) እና ኬዝ (የውጭ ሣጥኑ) ግን ለመቀየር ብዙ ገመድና ክፍል መንቀል ይጠይቃሉ፤ ማዘርቦርዱ ሲቀየርማ ብዙ ጊዜ ፕሮሰሰሩና ራሙም አብረውት ይሄዳሉ። ስለዚህ ገንዘብ ሲያጥር መቆጠብ የሚሻለው በመጀመሪያዎቹ ላይ ነው፤ በሁለተኛዎቹ ላይ የተቆጠበው ኋላ እጥፍ ሆኖ ይከፈላል።

ከሞኒተሩ መነሣት

አብዛኛው ሰው ምርጫውን ከፕሮሰሰሩ ይጀምራል፤ ይሁንና የግራፊክስ ካርዱን የሥራ ጫና የሚወስነው ሞኒተሩ ስለሆነ ከእርሱ መነሣት ይሻላል። 1920 በ1080 የሆነ ሞኒተር 2,073,600 ፒክስሎች (ትናንሽ የቀለም ነጥቦች) አሉት። 2560 በ1440 የሆነው 3,686,400 ሲኖሩት፣ በተለምዶ 4ኬ የሚባለው 3840 በ2160 ደግሞ 8,294,400 ማለትም የመጀመሪያውን አራት እጥፍ ይይዛል። ጌሙ በሰከንድ 60 ምስሎች እንዲያሳይ ከተፈለገ ካርዱ እነዚህን ሁሉ ፒክስሎች ቀለም ቀብቶ ለመጨረስ ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፤ 144 ምስሎች ከተፈለጉ ደግሞ ጊዜው ወደ 7 ሚሊሰከንድ ይወርዳል። እንግዲህ 4ኬ ሞኒተር የገዛ ቤተሰብ ሳያስበው አራት እጥፍ ሥራ አዝዟል ማለት ነው።

በአነስተኛ ወጪ ለሚሠራ ኮምፒውተር 1920 በ1080 የሆነ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ከ22 እስከ 24 ኢንች የሚደርስ ሞኒተር ትክክለኛው ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ። ጽሑፍ በጥራት ይነበብበታል፣ መካከለኛ ካርድም ያለ ጭንቀት ይነዳዋል። ቤት ውስጥ ያለ ቴሌቪዥን እንደ ሞኒተር ሊያገለግል ይችላል፤ ሆኖም ብዙ ቴሌቪዥኖች ምስሉን ለማሳመር ሲያቀነባብሩት ማውሱን ከማንቀሳቀስ እስከ ምስሉ መንቀሳቀስ ያለው ጊዜ ስለሚረዝም፣ በማስተካከያቸው ውስጥ ያለውን የጌም አማራጭ ማብራት ያስፈልጋል።

የግራፊክስ ካርዱ ነገር

ፕሮሰሰሩ ጥቂት፣ ግን ማንኛውንም ዓይነት ውስብስብ ሥራ የሚወጡ ሠራተኞች ያሉት ቢሮ ይመስላል። ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ እንደ ጉንዳን ሠራዊት ነው፤ እያንዳንዱ አባል የሚሠራው ቀላል ስሌት ቢሆንም ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። ለምሳሌ ራይዘን 5 5600 የተባለው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር 6 ኮሮች (እነዚያ ሁሉን የሚወጡ ሠራተኞች) ሲኖሩት፣ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ራዲዮን አርኤክስ 6600 ካርድ 1,792 ትናንሽ የስሌት ክፍሎች አሉት። ሁለት ሚሊዮን ፒክስሎችን በሚሊሰከንዶች ውስጥ ለመቀባት የሚያስችለው ይህ ብዛት ነው።

ብዛት ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሠራዊቱ ቀለብ ይፈልጋል። ካርዱ የሚሠራባቸው ሥዕሎችና ቅርጾች ያለማቋረጥ ከማስታወሻ እየተነበቡ መምጣት አለባቸው። የአርኤክስ 6600 የራሱ ማስታወሻ በሰከንድ 224 ጊጋባይት ያህል ሊያቀብለው ይችላል። በፕሮሰሰሩ ውስጥ አብሮ የተሠራ ግራፊክስ ግን የራሱ ማስታወሻ ስለሌለው የኮምፒውተሩን ራም ከፕሮሰሰሩ ጋር ይጋራል፤ በ3200 ፍጥነት የሚሠሩ፣ ዲዲአር4 የተባለው ዓይነት ሁለት ራሞች በአንድነት የሚሰጡት ደግሞ በሰከንድ 51.2 ጊጋባይት ብቻ ነው። አብሮ የተሠራ ግራፊክስ ከራሱ ካርድ ጋር የማይወዳደርበት ዋና ምክንያት ይኸው ነው። ከዚሁ ስሌት ሌላ ጠቃሚ ነገር ይወጣል፤ ከሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ራሞች ይልቅ አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ራም ብቻ የተሰካ እንደሆነ መንገዱ ግማሽ ሆኖ 25.6 ጊጋባይት ላይ ይቀራል፣ ካርድ የሌለው ኮምፒውተር ላይም ጌሙ በግልጽ ሲንቀራፈፍ ይታያል።

የካርዱ ማስታወሻ መጠንም ከፍጥነቱ ባልተናነሰ ያስፈልጋል። የጌሙ ሥዕሎች በካርዱ ላይ አልበቃ ሲሉ የተረፉት ወደ ኮምፒውተሩ ራም ተልከው፣ በተፈለጉ ቁጥር ካርዱን ከማዘርቦርዱ ጋር በሚያገናኘው ፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር እየተጫኑ ይመላለሳሉ። ይህ መስመር ከካርዱ ማስታወሻ ጋር ሲነጻጸር ጠባብ ነው። ተጫዋቹ የሚያየው ውጤት አማካይ ፍጥነቱ ደህና ሆኖ ሳለ ጌሙ በየመሐሉ ድንገት ቆም እያለ የሚያናድድበት ሁኔታ ነው። ዛሬ ለ1920 በ1080 ሞኒተር 8 ጊጋባይት ያለው ካርድ እንደ መነሻ ቢወሰድ ይሻላል፤ 4 ጊጋባይት ያላቸው ካርዶች ለቆዩ ጌሞችና ለቀላል የመስመር ላይ ውድድሮች ካልሆነ በቀር ለአዲስ ጌም አይመከሩም።

እዚህ ላይ ብዙዎችን ያሳሳተ አንድ ካርድ ላንሣ። ራዲዮን አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ስሙ ከ6600 ጋር የተቀራረበ ቢሆንም ማስታወሻው በአብዛኛው 4 ጊጋባይት ሲሆን፣ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘውም በ4 መስመሮች ብቻ ነው። አዲስ ማዘርቦርድ ላይ ይህ ያን ያህል አይታወቅም፤ የፒሲአይ ኤክስፕረስን 3ኛ ትውልድ ብቻ በሚችል አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ሲሰካ ግን የእያንዳንዱ መስመር ፍጥነት በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ማስታወሻው በሞላ ጊዜ ካርዱ ከሚጠበቅበት በእጅጉ ያነሰ ይሠራል። ርካሽ ካርድ የሚገዛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው ማዘርቦርድ ያረጀበት ሰው ነው፤ ነገሩ የሚያሳዝነውም በዚህ ነው።

የካርዶችን ስም ማንበብ አንዴ ከተለመደ አያስቸግርም። አርቲኤክስ 3060 ሲባል 30 ትውልዱን፣ 60 ደግሞ በትውልዱ ውስጥ ያለውን ደረጃ ይናገራል። ስለሆነም ከፍ ያለ ቁጥር ሁልጊዜ ፈጣን ማለት አይደለም፤ ያለፈው ትውልድ ባለ 70 ካርድ የአዲሱን ባለ 50 ሊበልጥ ይችላል። በአነስተኛ ወጪ ሲታሰብ አርኤክስ 6600፣ 12 ጊጋባይት ያለው አርቲኤክስ 3060፣ እንዲሁም 8 ጊጋባይት ያላቸው አርቲኤክስ 4060 እና አርኤክስ 7600 ሁሉም ለ1920 በ1080 የሚበቁ ናቸው፤ በመካከላቸው የሚወስነው በዕለቱ የተገኘው ዋጋ ነው። የኢንቴል አርክ ካርዶችም ለገንዘባቸው ጥሩ ጉልበት ይሰጣሉ፤ ነገር ግን ሪሳይዘብል ባር የተባለው፣ ፕሮሰሰሩ የካርዱን ማስታወሻ በሙሉ በአንድ ጊዜ እንዲደርስበት የሚያደርገው ችሎታ በማዘርቦርዱ ላይ ካልበራ አቅማቸው ክፉኛ ስለሚቀንስ ለአሮጌ ኮምፒውተር አይሆኑም።

ካርዱ ካረጀም በኋላ ዕድሜውን የሚያራዝም ዘዴ አለ። ጌሙ በአነስተኛ የምስል መጠን ተሠርቶ በኋላ ወደ ሞኒተሩ መጠን በብልሃት እንዲያድግ ይደረጋል። ኤንቪዲያ ይህን ዲኤልኤስኤስ ብሎ ለአርቲኤክስ ካርዶቹ ሲያቀርብ፣ ኤኤምዲ ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤፍኤስአር በመጀመሪያዎቹ ትውልዶቹ የተፎካካሪን ካርድ ጨምሮ በብዙ ካርዶች ላይ ይሠራል። 1280 በ720 ሆኖ የተሠራ ምስል 921,600 ፒክስሎች ብቻ ስላሉት የካርዱ ሥራ ከግማሽ በታች ይሆናል። በዚህ የሞኒተር መጠን ምስሉ ትንሽ መደብዘዙ አይቀርም፣ ለመጫወት ግን አያግድም።

ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድና ራም

እነዚህ ሦስቱ እንደ አንድ ቤተሰብ ተያይዘው የሚመረጡ ናቸው። ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ሶኬት ማዘርቦርዱን ይወስናል፣ ማዘርቦርዱም የራሙን ዓይነት ይወስናል። ኤኤም4 የተባለው የኤኤምዲ ሶኬት ዲዲአር4 ብቻ ይቀበላል፤ በ2022 እ.ኤ.አ. የመጣው ኤኤም5 ደግሞ ዲዲአር5 ብቻ። ከ12ኛው እስከ 14ኛው ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰሮችን የሚቀበለው ኤልጂኤ 1700 እንደ ማዘርቦርዱ አሠራር ከሁለቱ አንዱን ይቀበላል። ሁለቱ የራም ዓይነቶች መሰኪያቸው ስለሚለያይ አንዱን በሌላው ቦታ ማስገባት አይቻልም።

ለዚህ ዓላማ 6 ኮርና 12 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚያስኬዳቸው የሥራ መስመሮች) ያለው ፕሮሰሰር ልኩ ነው። ራይዘን 5 5600 እና ኮር አይ5-12400 በዚህ ደረጃ የሚገኙ፣ ከወጡ ዓመታት ያለፉ፣ ለመካከለኛ ካርድ ግን ዛሬም የማያንሱ ናቸው። ኤኤም4 ርካሽ ነው፣ ግን መንገዱ ወደ ማብቂያው ተቃርቧል። ኤኤም5 ሲጀመር ይወደዳል፤ ሆኖም ኩባንያው ቢያንስ እስከ 2027 እ.ኤ.አ. እንደሚደግፈው ስላስታወቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፕሮሰሰሩን ብቻ ነቅሎ አዲስ መሰካት ይቻላል። ቀደም ሲል ገንዘቡ የሚበቃውን ሰው ሁሉ ወደ ኤኤም5 እመራ ነበር። ከ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ግን የማስታወሻ ቺፕ አምራቾች ምርታቸውን ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የመረጃ ማዕከላት በማዞራቸው የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ስለናረ፣ ቤት ውስጥ የተረፈ ዲዲአር4 ያለው ሰው በኤኤም4 ላይ ቢቆይ አልፈርድበትም።

ከፕሮሰሰሩ ስም በስተመጨረሻ ያለችው ፊደል ለቤተሰብ ኮምፒውተር ትልቅ ትርጉም አላት። በኢንቴል በኩል ኤፍ የተጨመረበት ፕሮሰሰር አብሮ የተሠራ ግራፊክስ የለውም፤ ስለዚህ ካርድ እስካልተሰካ ድረስ ሞኒተሩ ላይ ምንም አይታይም። ዋጋው ትንሽ ስለሚቀንስ ጌም ብቻ የሚያስቡ ሰዎች ይመርጡታል። ለቤተሰብ ግን ግራፊክስ ያለበት ፕሮሰሰር ሁለት ጥቅም አለው፤ አንደኛ፣ ካርዱ እስኪገዛ ድረስ ኮምፒውተሩ ለትምህርትና ለሥራ ወዲያውኑ ይውላል፤ ሁለተኛ፣ ካርዱ አንድ ቀን ቢበላሽ የቤቱ ሥራ ሁሉ አብሮ አይቆምም። በኤኤምዲ በኩል ጂ የተጨመረባቸው እንደ ራይዘን 5 5600ጂ ያሉት ቀለል ያሉ ጌሞችን ያለ ካርድ እስከ ማጫወት የሚደርስ ግራፊክስ አላቸው። የ5600ጂ ጉድለቱ የውስጥ ማከማቻው፣ ማለትም የሦስተኛ ደረጃ ካሹ፣ 16 ሜጋባይት መሆኑ ነው፤ 5600 ግን 32 ሜጋባይት አለው። በመሆኑም ኋላ ኃይለኛ ካርድ ሲሰካለት ከ5600 ጥቂት ያንሳል። ካርዱ ከዓመት በፊት የማይገዛ ከሆነ 5600ጂ፣ በሁለትና ሦስት ወር ውስጥ የሚገዛ ከሆነ አይ5-12400፣ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የሚገዛ ከሆነ ደግሞ የራሱ ግራፊክስ የሌለውን 5600 እመክራለሁ።

የማዘርቦርድ ውድነት የጌም ፍጥነትን እምብዛም አይጨምርም። አራት የራም ማስገቢያ፣ ቢያንስ አንድ የኤም.2 (ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካ ቀጭን) ዲስክ ቦታና በቂ የዩኤስቢ መሰኪያ ያለው መካከለኛ ማይክሮ ኤቲኤክስ (መጠኑ አነስ ያለ) ማዘርቦርድ ለቤት ይበቃል። ኤኤም4 ለሚገዛ ሰው አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ቀደም ብለው የተሠሩ ማዘርቦርዶች ባዮሳቸው (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሣው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ካልታደሰ ራይዘን 5000ን አያውቁትም፤ ሁሉም ነገር በትክክል ተገጥሞ ኮምፒውተሩ ግን ጭጭ ይላል። ራምን በተመለከተ 16 ጊጋባይት በሁለት ቁራጭ ተከፍሎ ዛሬ ይበቃል፤ ባለ አራት ማስገቢያ ማዘርቦርድ መመረጡም ኋላ መጨመር ሲያስፈልግ የተሰካውን መጣል እንዳይመጣ ነው።

ዲስክ

የቤተሰቡ አባላት ሁሉ ልዩነቱን በዓይናቸው የሚያዩት ክፍል ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ ነው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ከ150 እስከ 200 ሜጋባይት ያህል ሲያነብ፣ በሳታ ገመድ የሚሠራ ኤስኤስዲ እስከ 550፣ በፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር የሚሠራ ተራ የኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ ደግሞ እስከ 3,500 ይደርሳል። ከሃርድ ዲስክ ወደ ሳታ ኤስኤስዲ መሸጋገር ኮምፒውተሩን ሌላ ያደርገዋል፤ ከሳታ ወደ ኤንቪኤምኢ መሸጋገር ግን በዕለት ተዕለት ሥራ ብዙም አይለይም። አንዳንድ ጌም ብቻውን ከ100 ጊጋባይት በላይ ስለሚይዝ 500 ጊጋባይት በፍጥነት ይሞላል፤ ከፍጥነት ይልቅ መጠንን መርጦ 1 ቴራባይት መግዛት ይሻላል። ኤም.2 የቅርጽ ስም እንጂ የፍጥነት ስም አለመሆኑንም ማስታወስ ይገባል፤ በዚያው ቅርጽ የተሠሩ የሳታ ዲስኮች አሉ፣ ማዘርቦርዱ የሚቀበለው የትኛውን እንደሆነ ከመመሪያው መታየት አለበት። የቤተሰብ ፎቶግራፎች ደግሞ ከኮምፒውተሩ ውጭ በሚቀመጥ ሌላ ዲስክ ላይ ቅጂ ይኑራቸው፤ በዚያው ኬዝ ውስጥ ያለ ሁለተኛ ዲስክ ከስርቆትም ከኤሌክትሪክ አደጋም አያድንም።

ፓወር ሰፕላይ፦ ርካሹ የሚወደድበት ቦታ

ኮምፒውተር ሲገጣጠም የመጨረሻው ገንዘብ የሚወረወርለት ፓወር ሰፕላይ ነው፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ሌሎቹ ክፍሎች ሲበላሹ በአብዛኛው ብቻቸውን ይበላሻሉ፤ ደካማ ፓወር ሰፕላይ ሲሞት ግን ማዘርቦርዱንና ካርዱን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስሌቱ ራሱ ቀላል ነው። ራይዘን 5 5600 ሥራ ሲበዛበት 80 ዋት ገደማ፣ አርኤክስ 6600 ካርድ 132 ዋት ይወስዳሉ፤ ለማዘርቦርድ፣ ለዲስክ፣ ለራምና ለማራገቢያ 50 ዋት ቢታሰብ ድምሩ ወደ 260 ዋት ይሆናል። ካርዶች ለሚሊሰከንዶች ከተጻፈላቸው በላይ ኃይል የሚስቡበት ጊዜ ስላለ፣ ኋላ ደግሞ ከፍ ያለ ካርድ ሊመጣ ስለሚችል 500 ወይም 550 ዋት ተገቢ ነው።

ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ግን የሚታመነው አምራቹ ሲታመን ነው። ርካሽ ፓወር ሰፕላዮች በጉልህ 600 ዋት ብለው ይጽፉና፣ ዋናዎቹ ክፍሎች የሚመገቡበት የ12 ቮልት መስመር ከዚያ በእጅጉ ያነሰ የሆነ ጊዜ ብዙ ነው። በጎኑ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ አንብቦ የ12 ቮልቱን አምፒር በ12 ማባዛት እውነተኛውን አቅም ያሳያል፤ 38 አምፒር ከሆነ 456 ዋት ነው። 80 ፕላስ የሚባለው ምልክት ከግድግዳ ከተሳበው ኃይል ምን ያህሉ ለኮምፒውተሩ እንደሚደርስና ምን ያህሉ በሙቀት መልክ እንደሚባክን የሚናገር ነው፤ መለስተኛው ደረጃ ቢያንስ 80 በመቶ መድረሱን ያመለክታል። ስለ ክፍሎቹ ጥራት ዋስትና አይሰጥም፤ ይሁን እንጂ ምልክቱ ከሌለው ይልቅ ያለው ይሻላል፣ ረጅም የዋስትና ዘመን የተሰጠበት ደግሞ ከሁለቱም ይሻላል። ገመዱ የሚነቀል ፓወር ሰፕላይ ሲሆን የአንዱን ገመድ በሌላው ላይ መሰካት ፈጽሞ አይገባም፤ ጫፉ ቢገጥም እንኳ የውስጥ አደራደሩ ስለሚለያይ ዲስክና ማዘርቦርድ ሊያቃጥል ይችላል።

ስለ ኬዝ ብዙ የሚባል የለም። ፊቱ በመስታወት የተደፈነ ሳይሆን ቀዳዳ ያለው፣ ከፊት ቀዝቃዛ አየር የሚያስገባና ከኋላ ሙቁን የሚያወጣ ማራገቢያ ያለው ይመረጥ፤ መብራቱ ለጌሙ የሚጨምረው ነገር የለም።

ከቢሮ የወጣ ኮምፒውተርን ማስታጠቅ

ሁሉንም ክፍል አዲስ ለመግዛት አቅም ካልፈቀደ፣ ከቢሮ አገልግሎት የወጣ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶ ካርድ መጨመር አዋጪ መንገድ ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክና ሌኖቮ ቲንክሴንተር የተባሉት በብዛት የሚገኙት በዚህ መንገድ ነው። እዚህ ላይ ዓመቱ ወሳኝ ነው። ዊንዶውስ 10 በኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. መደበኛ ድጋፉ ስላበቃ፣ ልጆች የሚጠቀሙበት ኮምፒውተር ዊንዶውስ 11ን መቀበል ይኖርበታል፤ ይህም ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕና በጥቅሉ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ወይም ከራይዘን 2000 ወዲህ ያለ ፕሮሰሰር ይጠይቃል።

ቀጥሎ የሚታየው የኬዙ ቁመት ነው። ትልቁ ታወር ሙሉ ካርድ ሊቀበል ይችላል፤ ቀጭኑ ግን ቁመቱ ግማሽ የሆነ ካርድ ብቻ ነው የሚያስገባው። የእነዚህ ኮምፒውተሮች ፓወር ሰፕላይ ብዙ ጊዜ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድ የለውም፤ መሰኪያውም የአምራቹ የራሱ ስለሆነ በሌላ መቀየር ያስቸግራል። ስለዚህ ካርዱ ከማዘርቦርዱ ማስገቢያ ብቻ በሚያገኘው 75 ዋት መሥራት አለበት። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው 6 ጊጋባይት ያለው አርቲኤክስ 3050፣ 70 ዋት ብቻ ስለሚፈልግ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል፤ 8 ጊጋባይት ያለው አርቲኤክስ 3050 ግን በስም ቢመሳሰልም ተጨማሪ ገመድ ስለሚጠይቅ በስሕተት እንዳይገዛ። ያገለገለ ካርድ ሲገዛ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከባድ ጌም እያሠሩ ሙቀቱን፣ የማራገቢያውን ድምፅና በምስሉ ላይ ያልታዘዘ ነጠብጣብ መኖር አለመኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ግን ታሪኩን የሚያውቁት ሰው ካልሰጠ በቀር ባይገዛ ይሻላል።

ሲገጣጠም

ሥራው ከሚያስፈራው ይቀላል፤ አብዛኛው መሰኪያ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይገባል። የኬዙን ብረት በየጊዜው መንካት በሰውነት ላይ የተጠራቀመውን ስታቲክ ኤሌክትሪክ ያስወግዳል። ፕሮሰሰሩ በጥጉ ላይ ያለችው ትንሽ ሦስት ማዕዘን ከሶኬቱ ምልክት ጋር ተገጣጥማ ያለ ምንም ግፊት በራሱ ክብደት መቀመጥ አለበት። በኤኤም4 ላይ እግሮቹ ያሉት በፕሮሰሰሩ ሆድ ላይ ስለሆነ ትንሽ ጉልበት እንኳ ያጣምማቸዋል። ራም ግን ተቃራኒው ነው፤ ቀጭ እስኪል በደንብ መጫን ይፈልጋል። አራት ማስገቢያ ባለበት ማዘርቦርድ ሁለት ራም ሲሰካ አብዛኛውን ጊዜ ቦታቸው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ነው፤ ጎን ለጎን ከተሰኩ ሁለቱ መንገዶች ወደ አንድ ይጠባሉ።

ዲዲአር5 ያለበት ኮምፒውተር መጀመሪያ ሲበራ ራሙን ለማላመድ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል፤ ሞኒተሩ ጥቁር እንደሆነ ቢቆይ ተቻኩሎ ማጥፋት አይገባም። ምስሉ ከመጣ በኋላ ደግሞ ገንዘብ የማይጠይቁ፣ ብዙ ሰው ግን የሚዘነጋቸው ሦስት ነገሮች አሉ። የሞኒተሩ ገመድ የሚሰካው በማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን በግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው። ይህን የምለው በራሴ ላይ ስለደረሰ ነው፤ የመጀመሪያውን ኮምፒውተሬን ስገጣጥም ገመዱን ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቼ ለሁለት ሳምንት ያህል ካርዱን ስወቅስ ከረምኩ። ሁለተኛው፣ ራሙ በተገዛበት ፍጥነት እንዲሠራ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የተባለውን ማብራት ነው፤ ካልበራ 3200 የተጻፈበት ራም በ2133 ወይም በ2400 ሊሠራ ይችላል። ሦስተኛው፣ 100 ወይም 144 ሄርዝ (በሰከንድ የሚያሳየው የምስል ብዛት) የሚችል ሞኒተር ዊንዶውስ ውስጥ በ60 ተቀምጦ ሊገኝ ስለሚችል በማሳያ ማስተካከያው ላይ ከፍ ማድረግ ነው።

በዊንዶውስ ፈንታ ሊነክስ የተባለውን ነጻ ሥርዓት ለሚያስብ ቤተሰብም ነገሩ እንደ ድሮው አይደለም። የጌም ኩባንያው ቫልቭ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ፕሮቶን አማካይነት ለዊንዶውስ የተሠሩ ብዙ ጌሞች ስቲም በተባለው የኩባንያው የጌም መደብር በኩል በሊነክስ ላይ ይሠራሉ፤ የማይሠሩት በዋናነት ማጭበርበርን ለመከላከል ጥብቅ ፕሮግራም ያላቸው የመስመር ላይ ውድድሮች ናቸው፣ ልጆች የሚጠይቁት ደግሞ ብዙ ጊዜ እነዚያኑ ስለሆነ አስቀድሞ የሚፈለገውን ጌም ስም ይዞ ማጣራት ይበጃል።

ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የየራሱ መግቢያ ይከፈትለት፤ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያለው ግን አንድ ብቻ ይሁን፣ የይለፍ ቃሉም በወላጅ እጅ ይቆይ። ልጆች ነጻ ጌም ወይም የጌም ማጭበርበሪያ ብለው ከየቦታው የሚያወርዱት ፕሮግራም ራሱን ለመጫን ፈቃድ ሲጠይቅ የወላጅ የይለፍ ቃል ይጠየቃል፤ በዚያው አጋጣሚ አንድ ሰው አይቶት ያልፋል።